የእናቴ ቀይ እንሰት

ሐምሌ 14 ቀን 2005 ዓ.ም.
ዶርዜ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሽሮ ሜዳ ዝናቡ በርትቷል ብሎ ካሱ ነግሮናል። ስትፈትዪ ብርድ ላይ አትቀመጪ። እኛ ደህና ነን። አባዬም ሸማውን ይሠራል፤ ብዙ አያወራም። "ለእማዬ ምን ልጻፍላት?" ስለው "ደህና ነው በያት" አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የሚያደርስልሽ ካሱ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመለስ ዛሬ መጨረስ አለብኝ። እማዬ፣ ቀዩ እንሰትሽ የለም። ሦስቱም ሞተዋል። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

በየካቲት ማዕዶት የምትባል ባለሙያ ከአርባ ምንጭ መጥታ ነበር። የየመንደሩን የእንሰት ዓይነት ሰብስባ አንድ ቦታ ታስተክላለች፤ አንዱ ዓይነት ከአገሩ ቢጠፋ ከዚያ እንዲገኝ ነው። እትዬ ወለቴ ወደ ጓሯችን አመጣቻት። ቀዩን ስታይ ቆመች። "ይሄንን ሌላ ሰው ጋ አላየሁም" አለች። "አንዱን ብትሰጪኝ ከሥሩ ብዙ ችግኝ አወጣለሁ፤ ግማሹን ለአንቺው እመልሳለሁ።" አማርኛዋ ይፈጥናል። እኔ በአማርኛ ስናገር ሴቱንና ወንዱን ስለማምታታ አፈርኩ። "እናቴ የለችም" ብቻ አልኳት።

እትዬ ወለቴ "ይቺ ልጅ አፏን ለእናቷ ስንቅ ቋጥራ ልካዋለች!" ስትል አብረዋት የመጡት ሁሉ ሳቁ። ቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ማዕዶት ጥቂት ጠብቃ ሄደች።

በመጋቢት አጥሩ ጋ ያለው ነጩ እንሰት ታመመ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ልቡ ጠወለገ። እንዳስተማርሽኝ ቆራርጬ ነቀልኩትና ራቅ አድርጌ ቀበርኩት። የታመመውን የቆረጠ ቢላ በእሳት ሳያልፍ ሌላውን እንዳይነካ ስትዪኝ ነው ያደግሁት። ረስቼው አይደለም። ሲዘንብ አድሮ ምድጃችን ጠፍቶ ነበር፤ ክብሪቱም ረጥቧል። እሳት ለመለመን እትዬ ወለቴ ቤት ሄድኩ። እንግዶች ነበሯት፤ ሳቃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል። በሩ ጋ ስደርስ ሳልጣራ ተመለስኩ።

ቢላውን በሣር ጠረግሁት። ንጹሕ መሰለኝ። ከዚያ የቆጮውን ጉድጓድ የምሸፍንበት ቅጠል ከቀዩ ቆረጥኩ። አንዱን ብቻ እንዳላራቁተው ብዬ ከሦስቱም ወሰድኩ። ከአንዱ ብቻ ብቆርጥ ኖሮ ሁለቱ ይተርፉ ነበር።

ሰኔ ላይ ሦስቱም ደረቁ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ኦይታ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሚስቱ ለስብራት እንደሚደረገው የቀዩን ሥር ቀቅላ ልታበላው ፈልጋ እኛ ቤት መጣች። ባዶውን ቦታ አሳየኋት። ማዕዶትም ተመልሳ መጣች። አልተቆጣችኝም፤ "ሌላ የት ይገኛል?" ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አያቴ ስትዳሩ ከዚያ እንሰት ለአንቺም ለአክስቴም እንደሰጠቻችሁ አስታወስኩ። በአያቴ ለቅሶ ላይ ከተጣላችሁ ወዲህ እንደማትነጋገሩ አውቃለሁ። ግን አክስቴ ሻሺቱ ቤት ሄድኩ። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

"የልክነሽ ልጅ ነሽ" አለችኝ ገና ስታየኝ። "እሷም ነገር ሲኖራት እንዲህ መሬት መሬት ታይ ነበር።"

ሁሉንም ነገርኳት። ጓሮዋ ወሰደችኝ። አንድ ቀርቷታል፤ በጣም ትልቅ ነው። "አርጅቷል፣ ሊያብብ ነው" አለች። "ካበበ በኋላ ሥሩ ችግኝ አያወጣም። ቢበዛ እስከ መስቀል ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ለአንቺ ከሆነ ዛሬውኑ ተቆፍሮ ይሰጥሻል። የእህቴ ልጅ ነሽ፣ ነገ የራስሽ ጓሮ ይኖርሻል። ለእናትሽ ከሆነ ግን ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ። ለማን ነው?"

"ለእናቴ ነው" አልኩ።

"ልጄ፣ አስቢበት። መቆፈሪያው ይኸው በሩ ጋ ነው።"

"ለእናቴ ነው" አልኩ ደግሜ።

"አንቺ ዓይናፋር ነሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለችና ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። "እንግዲህ እስከ መስቀል እጠብቃታለሁ።"

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ መጣሁ። "ለእኔ" ብል ኖሮ ዛሬ ጓሯችን ውስጥ ይሆን ነበር፤ ለማዕዶትም ይደርሳት ነበር። አሁን አበባው ከቀደመ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት ማለት ነው። ተመልሼ ሄጄ "ለእኔ ነው" ልበላት ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ። አልሄድኩም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ያለፉትን ሁለት መስቀሎች ሥራ በዝቶብሽ እንደቀረሽ አውቃለሁ። ለመጪውም አላስቸግርሽም ነበር፤ እንሰቱ ስላለ ነው። አክስቴን ጠይቀሽ ከተቀበልሽ በኋላ ወዲያው መመለስ ትችያለሽ። ሥሩ ተቀብሮ ችግኝ እስኪያወጣ ግን ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል፤ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ጣቶችሽን ብርድ አይንካብሽ።

ልጅሽ
እድላዊት