የየሺ ቡድንና የትርንጎ ጾም

ሰኞ

ዛሬም ተሸነፉ። ካሸነፉ ሰንብቷል። ልጄ የሺ የኮሌጁን ሴቶች ቅርጫት ኳስ ስታሰለጥን ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ እንደ ዘንድሮ ያለ ውርደት ግን አላየሁም። ረጅሟ ልጅ፣ የደብረ ኤልያሷ ትርንጎ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። በእሷ ቦታ የገባችው ድንክ ናት፤ ኳሱ ሁሉ በራሷ ላይ ያልፋል። በሬን አስሮ በጥጃ ማረስ! ተነስቼ «ትርንጎን አስገቢያት!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ ሳቀ። የሺ ዞራ አላየችኝም። አንገቷ ግን ድርቅ አለ።

ሲያልቅ ቤት ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም። «አባዬ፣ ከእንግዲህ ሜዳ እንዳይመጡብኝ» አለች።

«ሜዳው የአባትሽ ነው?» አልኳት።

«የአባቴማ ቢሆን ማን ያባርረኝ ነበር!» ብላ ሄደች። እህል አልቀመሰችም።

ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። ነገሩን ልጻፈው፣ ምናልባት ይወጣልኝ።

ሁዳዴ ገባ። ሌሎቹ ልጆች እስከ ስድስት ሰዓት ይጾማሉ። ትርንጎ ግን ፀሐይ እስኪጠልቅ ውሃም አትቀምስ። ጨዋታው ደግሞ በስምንት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ሜዳ መሐል ተዝለፍልፋ ወደቀች። የሺ ደነገጠች፤ «ውሃ ጠጥተሽ ተጫወች፣ አለዚያ ተቀመጪ» አለቻት። ልጅቱ ተቀመጠች። ይኸው እንደተቀመጠች አለች።

የሺ መፍራቷ ይገባኛል። የሰው ልጅ እጇ ላይ ብትቀርባት ለወላጅ ምን ትላለች? ግን ጾምን አሰልጣኝ ያስፈታል እንዴ? የነፍስ አባት ምን ሊሠራ ነው! እሳቸው «ጠጪ» ቢሏት ትጠጣለች። የሺ የጎጃም ልጅ ሆና ይህን እንዴት ትስታለች? ኮሌጅ ነው ያስረሳት።

ከሰዓት ትርንጎን መንገድ ላይ አገኘኋት። «አባባ፣ አሰልጣኝን አይቆጧት፣ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«የነፍስ አባትሽን ጠየቅሽ?»

«ለኳስ ብዬ? ምን ይሉኛል!»

ጉድ እኮ ነው። አንዷ ታዛለች፣ አንዷ ታፍራለች፣ ቡድኑ ይወድቃል።

ሐሙስ ኮሌጁ ስብሰባ አለው፤ የሺን ሊያነሷት ነው ይላሉ። ካነሱኝ አዲስ አበባ ሥራ እፈልጋለሁ ብላለች። ትሂድ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ውሸቴን ነው። እናቷ ካለፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው እሷ ብቻ ናት።

ረቡዕ

ማንንም ሳልጠይቅ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። መንገዱ ዛሬ ደህና ነው አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጆንያ ድንችና ከአንዲት ተናጋሪ ሴት መሐል ተሰክቼ ጉልበቴ ደነዘዘ።

የትርንጎን የነፍስ አባት ቄስ ይባቤን በሽምግልና አውቃቸዋለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «አያ ታከለ፣ ለራስዎ ነው የመጡት?» አሉኝ።

«ለልጅቱ ነው።»

«ልጅቱ አፍ የላትም?»

«ታፍራለች።»

«እርስዎስ አያፍሩም?»

ደሜ ፈላ። እኔ ታከለ፣ ስንት ደመኛ ያስታረቅሁ ሽማግሌ! ቄሱ ግን በሰው ነፍስ ሽምግልና የለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ ነው የበለጠ የተናደድኩት። መስቀል ተሳልሜ ልሄድ ስል፣ «ስልክ አላት አይደለም? ትደውል። ማታ ማታ አነሳለሁ» አሉ።

የነፍስ አባት በስልክ! ዘመን!

ማምሻውን ለየሺ ደወልኩ። መጀመሪያ እኔ መደወሌ ሬት ሬት አለኝ። «ልጅቱ ለቄስ ይባቤ ትደውል፣ ይሰሟታል» አልኳት።

«ደብረ ኤልያስ ድረስ ሄዱ? ማን ላከዎት?»

«ማን ይልከኛል?»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እሷ ትዝጋው፣ መስመሩ ይቆረጥ፣ አላወቅሁም።

ሐሙስ

የስብሰባው ቀን። ያልፈረሰ አጥር አጠርኩ። የጎረቤት ዶሮ አባረርኩ። በር ላይ ወጣሁ፣ ገባሁ። የሺ ስልክ አታነሳም።

ኮሌጅ የሚያስተምረው ጎረቤቴ ሲገባ ጠብቄ ያዝኩት። «የነገውን ጨዋታ አይተን ሰኞ እንወስናለን ተባለ» አለኝ። ደግሞ ሰኞ!

ዓርብ

ሜዳ እንዳይመጡ ተብያለሁ። አልሄድኩም። ከሜዳው አጥር ውጭ ነው የቆምኩት።

ትርንጎ ገባች! ኳሱን ከሰው ራስ ላይ ስትለቅም ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፀሐዩ ነው። እረፍት ሲሆን ወደ ወንበሩ ሄዳ ጠርሙስ አነሳች፣ አማተበች፣ ተጎነጨች። ምን እንደተባባሉ አልጠይቅም። የእሷና የቄሷ ነው።

እየመሩ ነበር። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የሺ ትርንጎን አስወጣቻት። አፌን ከፈትኩ። አጥሩን ጨብጬ መልሼ ዘጋሁት። በአንዲት ቅርጫት ተሸነፉ።

የሺ ቀጥ ብላ ወደ አጥሩ መጣች። ለካ አይታኛለች። «ዛሬ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ብዬ! ስታሸንፊ አስወጣሻት።»

«ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አላዩም?»

አላየሁም። እኔ ቅርጫቱን ነበር የማየው። ይህን ለእሷ አላልኩም፣ እዚህ ግን እጽፋለሁ።

ወደ ቤት አብረን ወጣን። ዳገቱ ላይ ክንዴን ልትይዝ ስትል ከለከልኳት፤ ትንሽ ቆይቼ ሰጠኋት። ሰኞ ምን እንደሚሏት አላውቅም፣ እሷም አታውቅ። አሁን ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ጋደም ብላለች። ልታድር ነው መሰለኝ።