ስሕተታቸውን በአደባባይ ያረሙት መምህር ኃይለኪሮስ ኣምደሚካኤል

መምህር ኃይለኪሮስ ኣምደሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ኣምደሚካኤል ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ መኩሪያ ሐምሌ 8 ቀን 1934 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ የአባ ኪሮስ በዓል ስለነበር ስማቸው በዚያው ወጣላቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ ካጠናቀቁ በኋላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አስተዳደር አጠኑ። በ1958 ዓ.ም. ተመርቀው በአንድ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ የእቅድ ክፍል ተቀጠሩ። በ1963 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ህንድ ሄደው ሁለት ዓመት ቆዩ። እዚያ መምህራኑ የአንድን ድርጅት ችግር በጽሑፍ እየሰጡ «እናንተ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ይህ አጠያየቅ ልባቸውን ገዛው።

ወደ ፋብሪካው ሲመለሱ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቃቸው አላገኙም። እቅዱ ከላይ ተሠርቶ ይመጣል፤ የእሳቸው ሥራ ቁጥሩን በየወሩ መከፋፈል ሆነ። ማንም የማይገዛው ብስኩት መጋዘን ሞልቶ እያዩ ለሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ብስኩት ያቅዱ እንደነበር ለቤተሰቡ እየሳቁ ያወጉ ነበር። ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም።

በ1966 ዓ.ም. በቴሌፎን ኦፕሬተርነት ይሠሩ ከነበሩት ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ፤ ይህን ታሪክ ያዘጋጀችውን ሊድያንና ታናሽ ወንድሟን ኢዮስያስን። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ኑሯቸው በሲኤምሲ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ፋብሪካውን ለቅቀው በሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ በተከፈተ የግል ኮሌጅ ስትራቴጂክ ማኔጅመንት ማስተማር ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አልፎ ነበር፤ ቢሆንም ቤተሰቡ እንደዚያን ጊዜ ነቅተው አይቷቸው አያውቅም። የሚያስተምሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በአካባቢው ያሉ ጋራዦች፣ ካፌዎችና ሆቴሎች እየሄዱ ባለቤቶቹን ያነጋግራሉ፤ ስም ቀይረው ችግሩን በአራት ገጽ ይጽፉና ለተማሪዎች ያድላሉ። መልሱን ግን አይነግሩም። ተማሪው ሲጨነቅ «ባለቤቱም እንዳንተው ነው የተጨነቀው» ይሉት ነበር።

ከሁሉ የሚወዱት ግን «የወረቀት ገበያ» ብለው የሰየሙትን ልምምድ ነበር። ተማሪዎቹ በአራት ቡድን ተከፍለው ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ የተባሉ አራት የጫማ ድርጅቶችን ይመራሉ። አንድ ሳምንት እንደ አንድ ዓመት ይቆጠራል። ዋጋውን፣ ጥራቱን፣ ማስታወቂያውንና የሠራተኛውን ብዛት ወስነው ሐሙስ ዕለት ወረቀታቸውን ያስረክባሉ። መምህር ኃይለኪሮስ ቅዳሜና እሑድ በካልኩሌተር አስልተው ለእያንዳንዱ ድርጅት ስንት ትእዛዝ እንደመጣለት ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ሥር ጩኸትና ግፊያ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ድርጅት ሐን የመራችው ራህማ ሱልጣን የምትባል ተማሪ ነበረች። ሌሎቹ ዋጋ ሲቀንሱ እሷ «ጫማው ይጠንክር፤ ሰው ተመልሶ ይመጣል» ብላ ቡድኗን አሳመነች። በሦስተኛው ሳምንት ትእዛዟ በድንገት ወረደ፤ በአምስተኛው ድርጅቷ ተዘጋ። ራህማ ስሌቱ እንዲታይላት በክፍሉ ፊት ብትጠይቅ መምህር ኃይለኪሮስ «ገበያው ፈርዷል፤ ተቀመጪ» አሏት። ልምምዱ ከመቶ አርባ ይይዝ ስለነበር ትምህርቱን ወደቀች፤ ከጓደኞቿም ጋር አልተመረቀችም። ልትደግመውም አልተመለሰችም።

በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. ኮሌጁ ኮምፒዩተር ገዛና መምህር ኃይለኪሮስ የቆዩ ሰንጠረዦቻቸውን ወደዚያ ማስገባት ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ ሊድያ ቁጥሩን ስታነብላቸው «አባዬ፣ ይሄ ረድፍ ከስሌቱ ጋር አይገጥምም» አለቻቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ከስሌቱ ጋር አመሳከሩት። በሦስተኛው ሳምንት የድርጅት ሐን ትእዛዝ በድርጅት መ ረድፍ፣ የድርጅት መን ደግሞ በሐ ረድፍ ጽፈውት ኖሯል። ራህማ ትክክል ነበረች። የከሰረችው በሳቸው እጅ ነበር።

ሰኞ ለኮሌጁ ዲን ነገሯቸው። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሩ እንጂ። «ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ሁለት ዓመት ያለፈውን ነገር ማን ያስታውሰዋል?» አሏቸው። መምህር ኃይለኪሮስ «እኔ አስታውሰዋለሁ» ብለው ጥፋታቸውን በደብዳቤ ጻፉና ፈርመው አስገቡ። ጉዳዩን ኮሚቴ እስኪያየው ድረስ ከማስተማር ታገዱ። በቤት ምግብ አልበላ አላቸው፤ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ግን ልጅቷ የት እንደደረሰች አለማወቃቸው ነበር።

በመዝገብ ወደተጻፈው አድራሻ ሲሄዱ ቤተሰቡ ቤት ለቅቋል። የቤተሰቡ ጎረቤት የነበሩት ወይዘሮ ሸሪፋ በር ላይ ቆመው «ልጅቷ ደግሞ ምን አጠፋች?» ብለው ጠየቋቸው። «እሷ ምንም አላጠፋችም እመቤቴ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ሲሏቸው ፊታቸው ፈታ አለና ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል አካባቢ እንደምትሠራ ነገሯቸው።

መምህር ኃይለኪሮስ ሦስት ቀን በጭነቱ በር ቆሙ። በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ራህማ ከአንድ ዕቃ አስተላላፊ ቢሮ የሰነድ ማኅደር ታቅፋ ወጣች። አወቀቻቸውና ቆመች።

«ራህማ፣ ድርጅትሽ አልከሰረም ነበር። ሁለት ረድፍ አቀያይሬ ያከሰርኩት እኔ ነኝ» አሏት።

ራህማም «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን ደደብ ስለው ነበር» አለች። ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። «ውጤቱስ ይሁን። በሰው ፊት ተቀመጪ ያሉኝን ምን ያደርጉታል?»

«እሱንም በሰው ፊት ነው የማነሣው። ብቻ ነይልኝ» አሏት። እመጣለሁም አልመጣምም ሳትል ሄደች።

ሰኔ 21 ቀን ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከቀድሞዎቹ የክፍሉ ተማሪዎች ስድስቱ ተገኙ። ራህማ ዘግይታ ከአባቷ ከአቶ ሱልጣን ጋር ገባች። መምህር ኃይለኪሮስ የአምስቱን ሳምንት ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደገና ሠሩት። ድርጅት ሐ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወደ ራህማ ዞረው «ያን ቀን የጠየቅሽው ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ያስቀመጥኩሽ እኔ አለአግባብ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። አቶ ሱልጣን ብድግ ብለው «እኔ እንኳ ልጄን አላመንኳትም ነበር» አሉ። ራህማ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። የእሷም የቡድኗም ውጤት ተስተካክሎ ራህማ በሐምሌ ወር ተመረቀች፤ በድርጅት መ የነበሩትም ያለጥፋታቸው አይነኩ ተብሎ ዲግሪያቸው ጸና። የመምህሩ እግድ ተነሣ።

በማግሥቱ ወይዘሮ ዘርፌ ባለቤታቸውን እስከ አራት ሰዓት ተኝተው አገኟቸው። ከሁለት ወር በላይ እንዲያ ተኝተው አያውቁም ነበርና ማንም እንዳይቀሰቅሳቸው ልጆቹን ከለከሉ። ሲነሡ ራበኝ አሉ። ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ።

ከዚያ በኋላ ስሌታቸውን ከመለጠፋቸው በፊት ሁለት ተማሪዎች እንዲያመሳክሩት አደረጉ፤ ስሕተት ያገኘ ደግሞ ነጥብ ይጨመርለታል። ተማሪዎቹ ስሕተት ሲፈልጉ ስሌቱን ከማንም በላይ ተማሩት።

በጥቅምት 1991 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና ማስተማር አቆሙ። ሕመሙ የከበዳቸው ጥር ላይ ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ስቃዩ ቀሎላቸው ከጠያቂ ጋር ሲጫወቱ ሰነበቱ። እሑድ የካቲት 14 ቀን 1991 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ፣ ልጆቻቸው ሊድያና ኢዮስያስ፣ እኅታቸው ወይዘሮ አልማዝ ኣምደሚካኤል፣ እንዲሁም በስድስት ዓመት ውስጥ ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ በሕይወት አሉ። እናዝናለን፤ ሆኖም የሚቆጨን ነገር የለም። ይቅርታ ሳይጠይቁት የቀሩት ሰውም ሆነ ልባቸው ላይ ከብዶ አብሯቸው የሄደ ነገር እንደሌለ እናውቃለን።

የጻድቁ የአባ ኪሮስ ጸሎት ይምራቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ እዚህ የቆምነውንም ጥፋታችንን በጊዜ የምናይበት ዓይን ይስጠን። አሜን።