የኦስሎው ጣሪያ

ሰኞ

ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን። የባሌ የመኮንን ግራ ዓይን ጨርሶ ጠፍቷል። ቀኙም መሐል መሐሉን ብቻ ነው የሚያይለት፣ እሱም እየጠበበ ነው። ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት። ምናልባት እስከ መስከረም ያይ ይሆናል አለ። መኮንን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላን መሳፈር እችላለሁ ወይ አለ። ይችላሉ ተባለ።

ጉዞው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ኦስሎ፣ ኮፐንሃገን፣ ሮተርዳም። ሌላው ሰው አውሮፓ ሲሄድ ሮምና ፓሪስ ይላል። የኔው ሰውዬ አሮጌ ነገር አይፈልግም፤ በቅርብ የተሠሩትን ሕንፃዎች ነው የሚያመልከው። አዲስ አበባ አርክቴክቸር ተማረ፣ እዚህ ባዕድ አገር ሲመጣ ዲግሪውን የሚቀበለው አጣ፣ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ጨረሰ። ሕንፃዎቹን የሚያውቃቸው በመጽሔት ነው። የኔ ምኞት ደግሞ ኢየሩሳሌምን መሳለም ነበር። ተሸነፍሁለትና ለሁለታችን ቡክ አደረግሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ አኩርፌ ነው ቡክ ያደረግሁት።

ማክሰኞ

ልጃችን ሕሊና ከምትኖርበት ከፖይንት ኩክ ድረስ ነድታ መጣች። ነርስ ናትና የሐኪሙን ወረቀት አይታ ፊቷ ተለወጠ። ኩሽና ወስዳ በሹክሹክታ ያዘችኝ። «እማዬ፣ ካንስል አድርጊው። አባዬ እዚያ ሄዶ ምን ሊያይ ነው? ደረጃ ላይ ቢወድቅብሽስ? ኢንሹራንሱ ከቨር ባያደርግስ?»

ሳይታወቃት ድምጿ ከፍ ብሎ ነበር። መኝታ ቤት ሲያወራ የነበረው ሬዲዮ ድንገት ተዘጋ። መኮንን ሰምቷል ማለት ነው።

ረቡዕ

ቁርስ ላይ ራሱ ጀመረው። ሰርዢው፣ በገንዘቡ ኢየሩሳሌም ሂጂበት አለኝ። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። እኔ ግን ገላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስሁ። እሱ ምሳም እራትም አልቀመሰም።

ሐሙስ

መጽሔቶቹን በሙሉ ጣዪልኝ አለ። ጋራዥ ውስጥ ተከምረው ዓመታት የተጨቃጨቅንባቸው ናቸው። እጄ እንቢ አለኝ። አንዱን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁና የኦስሎውን ኦፔራ ቤት ገለጥሁ። ምን እንደሚታየኝ ልነግረው ሞከርሁ፤ ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው አልሁት።

ተቆጣ። ይሄ ምንም አይነግረኝም፣ ሰዎቹ የት ናቸው አለኝ።

ሰዎቹን ፈለግሁ። ለካ ጣሪያው ላይ ናቸው! ስንት ጊዜ ያየሁት ሥዕል ነው፣ ሁልጊዜ ከሕንፃው ፊት ያለ አደባባይ ነበር የሚመስለኝ። ጣሪያው እየተንሸራተተ ወርዶ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ልጆች ይሮጡበታል፣ አንዲት አሮጊት ከዘራዋን ጎኗ አድርጋ ተቀምጣለች። ጣሪያ ላይ በእግር ይወጣል እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ ለዚያ ነው የተሠራው አለኝ። ቲኬት መግዛት የማይችል ሰው እንኳ አናቱ ላይ ወጥቶ ከተማውን እንዲያይ። ስንት ዘመን እነዚህን ሕንፃዎች ሣጥን እያልሁ ስቀልድበት ኖርሁ። ቀጥሎ የሮተርዳሙን ገበያ ገለጥሁ፤ ከሻጮቹ ራስ በላይ እንደ ቅስት የታጠፈው ሁሉ የሰው መኖሪያ ነው። የአንዱ ቤት መስኮት ቁልቁል ጎመንና ዓሣ ያያል። ሳላስበው ጥያቄ አበዛሁበት። የጣድሁት ሽሮ አረረ።

ዓርብ

መንገዱን ይችለው እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ከሰፈራችን ከሜልተን በባቡር፣ ከዚያ በትራም መሐል ከተማው አጠገብ ካርልተን ወሰድሁት። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አዲስ ሕንፃ አለ። ክንዴን ይዞ ገባ። አሥሬ ይጠይቃል፤ ሰው የት ይቀመጣል? የቆመስ አለ? ጥላው ወዴት ነው? እኔም እነግረዋለሁ። አንዲት ደረጃ አደናቀፈችውና ስይዘው እጁን መነጨቀኝ።

ከዚያ መሐል አዳራሹ ላይ ቆመና ፊቱን ወደ ላይ አቀና። ብርሃኑ ከላይ ነው አይደል የሚገባው አለኝ፣ እርግጠኛ ሆኖ።

ብርሃኑ ከጎን ነበር። ፊቱ ልክ እንደ ልጅ ነበር፣ አዎ ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት? ግን አፌ እንቢ አለ። «ከጎን ነው፣ ከግራህ» አልሁት። አንገቱን ደፋ። ቤት እንሂድ አለኝ። በራሴ ተናደድሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት እጄን ያዘኝ። «ትናንት አዎ ብለሽኝ ቢሆን አልሄድም ነበር» አለ። ደስ እንዲለኝ ብላ የምትዋሸኝን ሴት ይዤ ኦስሎ ምን ልሠራ ነበር አለኝ። ይኸው፣ እንሄዳለን።

ለሕሊና ደወልሁላት። ከዘራ እገዛለታለሁ አለች። ድምጿ ውስጥ እንባ ነበር። እኔም ጉልበቴ ያመኛል፣ ቋንቋውን አላውቅ፣ ከተማውን አላውቅ። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ጣሪያው ላይ ወጥተን ክንዴን ይዞ ሲቆም፣ መጀመሪያ ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም።