ሰላምታዎ ስለቀደመው የቀዶ ጥገና ቀጠሮ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመልእክት አገልግሎት ኃላፊ፣

እንደምን ከርመዋል፣ ጌታዬ? ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የማያልቅ የሰላምታ ስንቅ እመኝልዎታለሁ። እኔ የእህቶቼ ልጆች «ጋሼ ኔትወርክ» እያሉ የሚያሾፉብኝ፣ የተበላሸ ስልክ ስፈታና ስገጥም ሙያውን በራሴ የለቀምኩ ሰው ነኝ። የዓይን ሞራ የጋረዳት ታላቅ እህቴ ቀጠሮዋ የተመዘገበው በእኔ ስልክ ነው። በዚሁ መነሻ የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አዲሱን የስልክ መልእክት ሥርዓት ማስመረቅዎን በዚያው ሥርዓት በላኩልን ሰላምታ ስላበሰሩን እናመሰግናለን። ከሰላምታዎ ሥር «እንደደረሰዎ ለማረጋገጥ 1 ብለው ይመልሱ» የሚል ትእዛዝ ነበረው። ላልመለሰ ሰው በየሰዓቱ ድጋሚ እንዲላክ ማድረግዎ ለራስዎ ሰላምታ ያለዎትን ክብር ያሳያል።

፪. የቢሮዎ ባለሙያ በመስኮት በኩል በትዕግሥት እንዳስረዳኝ፣ ሰላምታውም፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም፣ የቀዶ ጥገና ጥሪውም የሚወጡት በአንድ ሰልፍ ነው፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። እኩልነት እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም። በድንገተኛ ክፍልዎ በር ላይ እንኳ የሚያጣጥር ሰው ቅድሚያ ይሰጠዋል።

፫. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ሰላምታዎ ሲደጋገም፣ እንደኔው ለሚደርሰው ለሕንፃችን ነዋሪ ሁሉ «ማንም እንዳይመልስ! ሰውዬው ሲለምነን ይዋል» አልኳቸው። ሳቁ። ቀልዱ ከደረጃችን ወርዶ ገበያውን አዳረሰ። መልስ ያጣ ሰላምታ ሁሉ እየተመለሰ ሰልፉ ላይ ቆመ። «ቀዶ ጥገናዎ ቀደም ብሎ ለነገ ጠዋት ስለተያዘ ይምጡ» የሚለው የእህቴ ጥሪም ከዚያ ሁሉ ኋላ ተሰለፈ።

፬. እኛ ምንም ሳናውቅ በቀድሞው ቀጠሮ መጣን። እህቴ እህል ሳትቀምስ፣ የሌሊት ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ነበር። በመስኮቱ «ተጠርተው ቀርተዋል፤ ተራዎ ለሌላ ተሰጥቷል፤ እንደ አዲስ ይመዝገቡ» ተባለች። እሷም «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ወንድሜ እንደሆነ ስልክ ያውቃል፤ ቢደርሰው ኖሮ ይነግረኝ ነበር» አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥሪው የደረሰኝ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወዲያው 1 ብዬ መለስኩ።

፭. የምለምንዎ ተራዋን እንዲመልሱላት ብቻ ነው። እኔን ከፈለጉ ይክሰሱኝ፤ ከፈለጉ በሆስፒታሉ በር እንዳላልፍ ያስከልክሉኝ፤ እሷን የሚያደርስ ሌላ ትከሻ አይጠፋም። የቀዶ ጥገና ጥሪንና የእርስዎን ሰላምታ በየፊናቸው መላክ ከከበደዎት ደግሞ፣ የእህቴ ዓይን እስኪበራ ድረስ እባክዎ ሰላም አይበሉን።

አንገቴን እንደደፋሁ፣ ቀና ብዬ ዓይንዎን ለማየት ሳልደፍር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የታካሚዋ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእህቴ ሳነብላት ሦስተኛውን ቁጥር ዘልዬዋለሁ። ተራዋን ከመለሱላት አንድ ቀን ራሷ ታነበዋለች፤ ያን ቀን መግቢያ ይጠፋኛል። እንዲያም ሆኖ ቶሎ እንዲያደርጉት እለምንዎታለሁ። ዝም ካሉ ግን ሁለታችንም ተገላገልን፤ ማየት የተሳናት ሴት አትታዘበንም።