ጥሬውን በላሁት

ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለባምላኩ፤
ሽንዲ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔን ብትል ሞቼ ተነሥቻለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ውሸት አልወድም፤ ታምሜ ነበር ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ እዚያ ያለችው ትስቃለች። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ቆመህ እንዳታነበው፣ ተቀመጥ።

ለመስቀል መጥተህ ሦስት ቀን ብቻ አድረህ ስትመለስ ኮትህን እንዳጥበው ትተኸው ሄድክ። ኪሱን ስፈትሽ (ሁልጊዜም እፈትሻለሁ፣ አሁን እወቀው) በወረቀት የተጠቀለለ፣ እፍኝ የማይሞላ ቅጠል አገኘሁ። እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ጠርዙ መጋዝ የመሰለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። ወረቀቱ ላይ በሴት እጅ ጽሑፍ፣ «ባሜ፣ ይህን ለማንም እንዳታሳይ። ሀኒ» ይላል።

ባሜ! በትዳር ዘጠኝ ዓመት ስኖር እኔ አንድ ቀን ባሜ ብዬህ አላውቅም። እናትህ እንኳ ባምላኩ ነው የሚሉህ። ሀኒን አብራኝ የምትሠራ የእርሻ ባለሙያ ናት ብለኸኝ አልነበር? የገበሬውን ማሳ ስትለካ ስምህንም አብራ ለክታ ቆረጠችው?

ቅጠሉን ይዤ ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሥላሴ ዘንድ ሮጥኩ። አገላብጠው አዩና አማተቡ። «ልጄ፣ ይኼማ መስተፋቅር ነው። ባልሽ ጠበል ይውረድ» አሉኝ። አንተ ሽንዲ፣ እኔ እዚህ፤ ማንን ይዤ ጠበል ልውረድ? ለሌላ የተቀመመውን እኔ ብበላው ልብህ ወደ እኔ ይዞር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቤቴ ገብቼ በሬን ቀረቀርኩና ጥሬውን በላሁት።

ምሬቱን አልነግርህም፤ ኮሶ ይሻላል። ጉሮሮዬን እየቧጠጠ አልወርድ ሲለኝ በውኃ አወራረድኩት። ብዙም ሳይቆይ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር፤ አፌ ደረቀ፤ ልቤ ከደረቴ ልውጣ አለ። እኔ ሞኟ መድኃኒቱ እየሠራ መስሎኝ ደስ አለኝ። ወዲያው አስመለሰኝ። እንደገና ደስ ሊለኝ ሲል እንደገና አስመለሰኝ።

እማሆይ ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ጤና መኮንኑ የተረፈችውን ቅንጣት አየና፣ «ይህ እኮ ሐሺሽ ነው» አለኝ።

«ምነው ታዲያ አልሰከርኩ?»

«እሳት ካልነካው እምብዛም አያሰክርም። ጥሬው የሚያውከው ሆድ ነው። ዳግመኛ እንዳትሞክሪው።»

«ልቤስ? ልቤ ለምን እንዲህ መታ?»

«ከድንጋጤ ይሆናል» አለኝ። ከቅናት ነው አላልኩትም። ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ጠጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ሆዴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልረጋልኝም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ግን ቅጠሉም ሁሉንም አላወጣውም።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የሥራ ጓደኛህ መልካሙ ከች አለ። ለካ ያንን ቅጠል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ምንነቱን ሳያውቁ በቆሎአቸው መኻል አብቅለውት ኖሯል። ሳይጣራ እንዳይታሰሩ ብላ ሀኒ በድብቅ ቆርጣ ሰጠችህ፤ አንተም እዚህ ዞን ላለ ባለሙያ ልታሳየው ይዘኸው መጥተህ ረሳኸው። ሁሉን እንዲህ ዘርዝሮ ነገረኝና ቅጠሉን አምጪ አለኝ።

«በላሁት» አልኩት።

ወይ ጉድ! የሳቀው ሳቅ! እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ «ሀኒ ባሜ የምትለው ለምንድን ነው?» አልኩት። ጫማውን አየ። «ቅዳሜና እሑድስ ወደ ቤቱ ሳይመጣ እዚያ ምን ያደርጋል?» አልኩት። መኪና ያመልጠኛል ብሎ ተነሣ፤ ያቀረብኩለትን እንኳ አልጨረሰም። እሱ ከወጣ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለቅጠሉ ሰው ላክህ፤ ለእኔስ ማንን ላክህ?

ቅናተኛ በለኝ፤ አዎ ነኝ። ፀጉሯ ረጅም ነው አሉ፤ ይርገፍ አልልም፣ ጾም ነው፣ ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ግን እላለሁ።

እውነቱን ልንገርህ ባምላኩ፣ መስተፋቅር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አስነክታህ ቢሆን ጥፋቱ የሷ ነው፤ ቡሬም ቢሆን፣ ፈረስ ቤትም ቢሆን፣ ጠበል ካለበት በጀርባዬ አዝዬህ እሄድ ነበር። ነገሩ ሐሺሽ ብቻ ከሆነ ግን ማንም አላሰረህም፤ በገዛ እግርህ ነው የቀረኸው። ለዚህ የሚሆን ጠበል የት አለ?

በሄድክበት ሥላሴ ይጠብቁህ። እኔ የምጠብቅህ እስከ ኅዳር ሚካኤል ነው።

እስከዚያው ሚስትህ፣
እማዋይሽ ዘሩ