የኮሪያ ጥብስና የአንድ ብርጭቆ ሞት

ጥር 14፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 1፡00

ለመላው የቤታችን ነዋሪዎች (እማዬ፣ እኔ፣ ድመቷ)፦ ሰማያዊ አበባ ካለባቸው ስድስት የሻይ ብርጭቆዎች አንዱ ዛሬ ከቀኑ 11፡20 ላይ በድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች ቤቱን ለዘጠኝ ዓመታት በታማኝነት አገልግሏል። ሥርዓተ ቀብሩ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተፈጽሟል። ለአምስቱ ወንድሞቹ መጽናናትን እንመኛለን።

ይኸው ደብተሬ፣ የዕለቱ ዜና ይኼ ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ሟች የመጨረሻ ሻዩን ያጠጣው አሥራትን ነው። አሥራት የመ/ቤታችን የንብ ባለሙያ። ፋይል ሊሰጠኝ መጣ፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ ያዘው፣ እማዬ ግባ አለችው። ገባ፣ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ከዚያ ብርጭቆው ከሌሎቹ ተለይቶ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነገር ምን ይሆናል? ወደቀ። ተጠርጣሪ፦ እማዬ። ምርመራው ቀጥሏል።

ለምን እንደተለየ አንተ አታውቅም፤ ወረቀት ነህ። አሥራት የተወለደው ከማንኪራ ወዲያ ጫካ ዳር ከሚኖሩት፣ ከሰል አክስለው ማገዶ ተሸክመው ለከተማችን ለቦንጋ ከሚሸጡት ነው። ስማቸውን ሪፖርት ላይ አንጽፍም፤ «የተገለሉ የማኅበረሰብ ክፍሎች» እንላለን። ከሰላቸው ቤታችን ይገባል፣ እነሱ አይገቡም። ከገቡም የበሉበት ሳህን ለብቻው ነው። ጫካ ውስጥ የማይበላ ይበላሉ ይባላል። ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። «ይባላል» ግን እኛ ዘንድ ከዓይን ምስክር ይበልጣል።

እኔ? የዚሁ መ/ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ። የመግለጫና የእርማት ጸሐፊ። ባለፈው ወር «ሕዝባችን አንድ ገበታ ከቦ የሚበላ ሕዝብ ነው» ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል።

አሥራትን እወደዋለሁ። ይህ ለኅትመት አይደለም።

ጥር 15፣ ዓርብ። የምሳ ሰዓት

መብራት የለም። ስለዚህ ሪፖርት የለም። ስለዚህ ደስታ አለ።

አሥራትና እኔ በስልኬ የኮሪያ ፊልም። በአማርኛ የተተረጎመ፤ አንዲት ልጅ ለሴቶቹ ሁሉ ድምፅ ሰጥታ ሁሉንም አንድ ዓይነት ታስለቅሳለች። ምሳ እሱ ከሳህኑ፣ እኔ ከሳህኔ። ከቢሮ ልጆች ጋር ስንወጣም እንዲሁ ነው። ሌላው አንድ ትሪ ይከባል፣ እሱ «ጨጓራዬ» ብሎ ለብቻው ያዛል። ጨጓራው ድንጋይ ይፈጫል።

ፊልሙ ላይ፦ ጠረጴዛ መሃል እሳት። አለቃውም ተላላኪውም አንድ ፍርግርግ ከበዋል። ልጅቷ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ ልጁን አጎረሰችው። አሥራት ፊልሙን አቆመው።

«ጉርሻ አላቸው እኮ!»

መልሶ አየው። አራት ጊዜ። ከዚያ ተማሪ ሳለ ምሳውን አጥር ሥር ብቻውን ይበላ እንደነበር ነገረኝ። እየሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ከዚያ ደግሞ ሽማግሌ ልልክ ነው አለኝ። እንዲሁ! ባትሪው 9 ፐርሰንት ላይ እያለ! ቀጥሎም ጠየቀ፦ ሽማግሌዎቼ ሻይ ቢቀርብላቸው በምን ይጠጣሉ?

ስለ ሟቹ አልነገርኩትም።

ጥር 17፣ እሑድ

አምላክ ሥራውን ያውቃል፣ የሰው ሀብትም አልፎ አልፎ ያውቃል። ለአራት ቀን ስልጠና ወደ አ.አ. የምንላከው ሦስት ነን፦ አሥራት፣ እኔ፣ እትዬ አየለች። የስልጠናው ርዕስ «ማኅበራዊ አካታችነት»። (አትሳቅ፣ ደብተሬ።)

እትዬ አየለች የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የእማዬ የዕድር ጓደኛ። ወሬ ሲያደርሱ ቴሌግራም ኋላቸው ይቀራል። ዕቅዴ የቆመው በእሳቸው ላይ ነው።

ዕቅድ፦ ቅዳሜ ከስልጠናው በኋላ ሦስታችን የኮሪያ ጥብስ ቤት እንገባለን። አሥራት ይጠቀልላል። እኔ በእትዬ አየለች ፊት ከእጁ እጎርሳለሁ። በቃ። መግለጫ የለ፣ ስብሰባ የለ። እሳቸው ገበታው ላይ ሆነው ለእማዬ ይደውላሉ። አውቶቡሳችን ጅማ ሳይደርስ እማዬ ሰምታ፣ አልቅሳ፣ ተኝታ፣ ተነስታ ትጠብቀኛለች። ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

ለአሥራት ነገርኩት። «እርግጠኛ ነሽ፣ ጽጌ?» አለኝ።

ጽጌ እኔ ነኝ። እርግጠኛዋም እኔ።

ጥር 20፣ ረቡዕ። አ.አ.

በትልቅ ከተማ የኮሪያ ጥብስ የት ይበላል? የመስክ ጥናት፣ በእግር፣ ከስልጠና በኋላ፦ ስልኬ ካርታ ላይ የታየው የመጀመሪያው ቤት ባንክ ሆኗል። ሁለተኛው በሩ ላይ የኮሪያ ባንዲራ፣ ውስጡ በርገር። አስተናጋጁን ብጠይቀው ባንዲራው ከቀድሞው ተከራይ የቀረ ነው አለኝ፣ ሲያምር ተውነው። ሦስተኛው ቦሌ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ። ደረጃው ላይ ሆኜ የሥጋ ጥብስ ሸተተኝ። ተገኘ! ከውጭ አየሁት፦ ጠረጴዛው መሃል ጉድጓድ፣ ከሰል፣ ከላዩ እንደ ዝሆን ኩምቢ የተንጠለጠለ የጭስ መሳቢያ።

ስልጠናው? አሰልጣኙ ስለ መገለል ሲናገር አሥራት ማስታወሻ ይዟል። ምን እንደሚጽፍ እንጃ። ምሳ ቡፌ ነበር። እትዬ አየለች ተራቸው ከአሥራት ኋላ ቢሆን ሁለት ሰው አሳለፉ፣ ከዚያ ማንኪያውን በሶፍት ይዘው ጨለፉ። ከሰዓት በኋላ በቡድን ውይይት አካታችነትን በሰፊው የደገፉት እሳቸው ናቸው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10፡00

ተመለስን። ሆቴል ክፍሌ ነኝ። በቅደም ተከተል፦

ታክሲ። «ኮሪያ» ስንለው ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኮሪያ ሆስፒታል ነዳ፤ ታማሚዋ እትዬ አየለች መስለውት። እሳቸው ተቆጡ፦ «ምን አይቶብኝ ነው ይኼ ሰው?» አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግን የታመሙ መሰሉ።

አስተናጋጇን መረመሯት። የአሳማ ከሆነ በዚህ መስኮት ነው የምወጣው አሏት። የበሬ ነው። ፍርግርጉ የአሳማ ነክቶ ያውቃል? ለየብቻ ነው። ማይልኝ አሏት። ማለች። ጥሬ ሥጋና መቀስ ቀረበ። «መቀስ? ልብስ ሰፊ ቤት ነው እንዴ?» ራሳችን እንደምንጠብስ ሲሰሙ ደግሞ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አሳረፉ። ሰው ከፍሎ ወጥ ቤት ይገባል?

አሥራት ከሥጋው በፊት ከሰሉን አየ። አንዷን ፍም በመቆንጠጫ አንስቶ ገለበጠ። ግራር ነው አለ፣ በደንብ ሳይበስል የወጣ፤ የአባቴ ቢሆን እንዲህ አያጨስም። ፍሙን ዳርና ዳር አደላደለው። ጭሱ ጠፋ። አስተናጋጇ የት ተማርከው አለችው። «ቤት» አላት። እንዲህ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ቦንጋ ላይ አይቼው አላውቅም።

ለሦስታችን ጠበሰ። እትዬ አየለች መጀመሪያ ሶፍት፣ ከዚያ ሹካ፣ ከዚያ በጣታቸው። ሦስት ጊዜ ጨመሩ። «ከተማ ነው ልጄ፣ እዚህ ማን ያውቀናል» አሉኝ በጆሮዬ።

ከዚያ አሥራት ጠቀለለ። እጁን ዘረጋ። ጎረስኩ።

ተፈጸመ። ዝርዝሩ ሌላ ጊዜ። ደክሞኛል።

ጥር 24፣ እሑድ። መንገድ ላይ፣ አውቶቡሱ ጎማ ሲቀይር

አሥራት ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን። ከኋላ ያቅለሸልሸኛል አለ። ስንሄድ ከኋላ ነበር፣ አላቅለሸለሸውም።

እትዬ አየለች ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ። ለእማዬ አልደወሉም። በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው።

ለሻይ ስንወርድ ለአሥራት አዘዝኩለት። ራሱ አዝዞ ነበር። ለብቻው ቆሞ ጠጣ። አየሁት፤ ሲያየኝ ፈገግ አለ። በትህትና። ለአሰልጣኙ የሰጠው ፈገግታ ነው።

ጥር 26፣ ማክሰኞ። የነነዌ ጾም

መግለጫ፦ የሚጠበቀው ወሬ ቦንጋ አልገባም። መንስኤው በመገናኛ ዘዴዎች ላይ የደረሰ ብልሽት እንደሆነ ይገመታል። እማዬ ስለ አ.አ. የጠየቀችኝ ብርዱን ብቻ። እትዬ አየለች በበኩላቸው ለዕድርተኛው ሁሉ ስለ መቀሱ እየተናገሩ ነው። ስለ መቀሱ ብቻ።

አሥራት መስክ ወጥቷል። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

እማዬ ሳህን እያጠበች፣ ሳታየኝ፦ ያ የንቡ ልጅ ምነው ጠፋ?

ውስጤ የተጠራቀመው ፈነዳ። አንቺ አይደለሽ ብርጭቆውን እንደ እባብ ለይተሽ ጠርዝ ላይ የሰቀልሽው አልኳት። ሥራዋን አቆመች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እኔ? እኔማ ለሰው ፊት ብዬ ዝም አልኩ፣ ኋላ በአመድ አጥበዋለሁ ብዬ። አንቺ ነሽ ከትሪው አንስተሽ እዚያ ያኖርሽው። እንዲያውም ገርሞኝ፣ ልጄ አውቃለች ለካ አልኩ።»

አልኩ አለች። ልጄ አውቃለች።

አልተከራከርኳትም። ትሪውን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ አሁን ትዝ አለኝ። እጄ ምን እንዳደረገ ትዝ አይለኝም። እጄ ሳይጠይቀኝ ነው የሚሠራው?

ምርመራው ተዘግቷል።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አቶ አሥራት በራሳቸው ጥያቄ ወደ ቢታ ገነት ተዛውረዋል። በራሳቸው ጥያቄ! ማመልከቻው የገባው ጥር 25 ነው። ከአ.አ. በተመለስን ማግስት።

ከሰዓት ሽኝት። ሻይና ዳቦ። ኃላፊው ስለ ትጋቱ ተናገሩ። ሻዩ የቀረበው ለሁሉም በሚጣል የወረቀት ኩባያ ነው። ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ግን ብልህ ነው። ለአለቃውም ለአሥራትም እኩል፣ ጠጥቶ መጣል። የማስበው ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይመጣል፣ ደብተሬ፤ አንድም አያስቅም።

ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ለምን አልኩት። ቢታ ብዙ ንብ አለ አለኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ። ከጧቱ 3፡00

መናኸሪያ ሄድኩ። አንድ ሻንጣና አንድ የንብ ማጨሻ። ሽማግሌዎቹስ አልኩት፣ የሚያስቅ ድምፅ ለማውጣት ሞክሬ። ሻንጣውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ።

«ጽጌ፣ አንቺ ጎበዝ ጸሐፊ ነሽ» አለኝ። «ሁሉን ታሳምሪዋለሽ።»

ረዳቱ ጮኸ። ገባ። በመስኮት እጁን አወጣ፣ ያቺን የማውቃትን እጅ፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ የከሰል ጥቁር የማይለቃትን። አውለበለበ። ሄደ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ቢሮ እስክሪብቶ ፈልጌ ለአ.አ. የያዝኩትን ቦርሳ ከፈትኩ። የጎን ኪሱ ውስጥ ሶፍት፣ ቅባቱ ወደ ውጭ የወጣ። ከፈትኩት። ሽታው። ዘጋሁት። መጣል አቃተኝ።

እርማት

በዚህ ማስታወሻ ጥር 23 ቀን «ጎረስኩ» ተብሎ የሰፈረው ቃል ስህተት ሆኖ በመገኘቱ እንደሚከተለው ታርሟል።

አቶ አሥራት የጠቀለለውን ወደ ጸሐፊዋ አፍ አቅርቧል። ጸሐፊዋ በእጇ ተቀብላ፣ «ጠግቤያለሁ፣ ቆይቼ» ብላ፣ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። በዚያን ሰዓት ወ/ሮ አየለች እጃቸውን ሊታጠቡ ሄደው ስለነበር አላዩም፤ ስላላዩም አልተናገሩም። አቶ አሥራት እጁን የዘረጋው በዕቅዱ መሠረት በእሳቸው ፊት ሳይሆን እሳቸው ከተነሱ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም «ማንም ሳያይ ይሻልሻል» ሲል በቃሉ ገልጿል። አስተናጋጇ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ጥር 26 ቀን «የመገናኛ ብልሽት» ተብሎ የተገለጸውም በዚሁ ተሰርዟል።

በመሆኑም በተጠቀሰው ሰዓት ገበታው ላይ ከአቶ አሥራት እጅ መብላትን የተጸየፈ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ስሟ በዚህ ማስታወሻ ጥር 17 ቀን፣ «እርግጠኛ» ከሚለው ቃል አጠገብ ይገኛል።

ግልባጭ፦
ለአቶ አሥራት
ቢታ ገነት

አልተላከም።