ለእትዬ ያልነገርኳት አይጥ

ሰኞ፣ ሰኔ 15። ከቀኑ 8 ሰዓት
ዕቃ አጥቤ ጨረስኩ። ከተማው በሩን ዘግቶ ተኝቷል፣ ሙቀቱ ሌላ አያሠራም። አሠሪዬ ማዳም ግን አትተኛም። ኮምፒውተሯ ላይ ናት፣ ፈረንሳይ ካሉት ባልደረቦቿ ጋር የምትሠራውን የካንሰር ምርምር ትጽፋለች። ውሃ ላቀብላት ገብቼ ያንን ፎቶ ደግሜ አየሁት። ጨለማ ውስጥ የተኛች አይጥ። ጎኗ ላይ ያለው እጢ ብቻ አረንጓዴ ያበራል።

ባለፈው ወር አስረድታኛለች። ፔፕታይድ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ተሰባስበው በዓይን የማትታይ ቅንጣት ይሆናሉ፣ ናኖ የሚሏት። ቅንጣቷ የካንሰሩን ሕዋስ ለይታ ትይዛለች። የተሸከመችው ቀለም እጢውን ያሳያል፣ የተሸከመችው መድኃኒት ይገድለዋል፣ ጤነኛውን ብዙም ሳትነካ።

ማስታወሻዬ፣ ያን ቀን ወዲያው ድ/ዳዋ ደወልኩ፣ ለእትዬ። ታላቅ እህቴ ናት፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ። ጡቷ ላይ ካንሰር መሆኑ ከተነገራት ገና ሳምንቷ ነበር። መድኃኒቱ እኔ ያለሁበት ቤት እየተሠራ ነው አልኳት። አይጧን ሳልነግራት ቀረሁ። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

አምስት ዓመት አላየኋትም። ናፍቃኛለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18
ጉድ ፈላ። ሰላም ደወለች፣ የእትዬ ልጅ። ታለቅሳለች። እናቷ ከቀዶ ሕክምና ቀጠሮዋ ለሁለተኛ ጊዜ ቀርታለች። ሐኪሙ ተቆጥቷል። አሁን ከሆነ እጢው ይወጣል፣ ከቆየ ግን እንጃ ብሏል። እትዬ ስልኩን ተቀብላ ሳቀች። “ምን በወጣኝ ቢላዋ ሥር እተኛለሁ? ያንቺ ማዳም እስክትጨርስ እታገሣለሁ።”

ስልኩን ለሰላም መልሺላት አልኳት። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ይኸው ነው። እህቴን የምገድላት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 19
ለማዳም ተናዘዝኩ። መነጽሯን አውልቃ አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችልኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገና አይጥ ላይ ነው፣ ለሰው ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ጭራሽ ላይደርስም ይችላል አለች። እህትሽ ዛሬ ነገ ሳትል ትታከም። አንቺ እየተረጎምሽ እኔው በስልክ ልንገራት አለችኝ። እምቢ አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እጅ ተይዞ ነው። ማዳም አልገባትም።

እውነቱን ልጻፈው? ግማሹ ወግ ነው፣ ግማሹ ናፍቆት።

እሑድ፣ ሰኔ 21
ከቅዳሴ መልስ ሙሴ፣ የማዳም ባል፣ አገሬ ልሂድ ማለቴን ሰምቶ አነጋገረኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው። ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሴ ያጠራጥራል፣ እነሱም ሌላ ሰው መቅጠራቸው አይቀርም። በትሕትና ነው የነገረኝ። ይህን ሥራ ለማግኘት ስንት በር አንኳኳሁ።

ምሳ አልበላ አለኝ። እትዬ ሹሩባ ስትሠራኝ እንዳልንቀሳቀስ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ትይዘው ነበር። ያመኛል ብዬ እጮህ ነበር። ዛሬ ያ ጉልበት አማረኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23። ከቀኑ 9 ሰዓት
ትኬት ቆረጥኩ። ነገ ጠዋት ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ ድ/ዳዋ። ሰላም ሐኪሙን ለምና ለዓርብ ሌላ ቀጠሮ አግኝታለች። ማዳም አቀፈችኝ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ለእትዬ እየመጣሁ ነው አልኳት። እልል አለች። ሌላውን ለነገ አቆየሁት።

አሁን ሰላም መልእክት ላከች። እትዬ ለጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒቴን ይዛልኝ መጣች እያለች ነው። ጠዋት ተነሥታ ፍሪጁን አጽድታ ላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጋለታለች። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው የገዛሁላት ድሪያ ቀሚስና የሰላም ጫማ ነው፣ ሌላ የለም።

ነገ በር ላይ ሳትስመኝ ልንገራት ወይስ ከሳመችኝ በኋላ?

ከሳመችኝ በኋላ።